ባሌት ዳንሰኛውን አየን፤ አስተማሪውንስ?

በመኝታ ክፍላችንም ሆነ በሻይ ቤቱ ስለ ሙያችን ወሬ በተነሣ ቁጥር አንድ የማይቀር አባባል አለ። «ነጥብ ቢመጣልኝ ኖሮ እዚህ ምን እሠራ ነበር?» ይባላል። ሁላችንም እንስቃለን፤ ሳቁ ግን ከአንገት በላይ ነው። መምህርነት ሌላው ሲጠፋ የሚገባበት ሥራ ነው ብለን ገና ሳንጀምረው ከፈረድንበት፣ ነገ የሚጠብቁን ሕፃናት ከእኛ ምን ሊያገኙ ነው? ይህን አባባል ለመሞገት ምሳሌ ፍለጋ ሩቅ ሄደናል፤ እስከ ሩሲያ የባሌት ትምህርት ቤት ድረስ። እንዴ፣ ባሌትና ጠመኔ ምን አገናኛቸው? የሚል ጓደኛ ካለ ትንሽ ይታገሠን።

ባሌት ከሩቅ ለሚያየው ቀላል ይመስላል። ዳንሰኛዋ በእግሯ ጣት ጫፍ ቆማ ስትሽከረከር ክብደት ያላት አትመስልም። እዚያ ለመድረስ ግን ዓመታት ያልቃሉ። በሴንት ፒተርስበርግ ከተማ የሚገኘው፣ ዛሬ የቫጋኖቫ አካዳሚ የሚባለው ትምህርት ቤት የተመሠረተው እ.ኤ.አ. በ1738 ነው። በንግሥት አና ትእዛዝ፣ ዣን ባቲስት ላንዴ የተባሉ ፈረንሳዊ መምህር 12 ሴቶችና 12 ወንዶች ልጆች ይዘው በቤተ መንግሥቱ ክፍሎች ማስተማር ጀመሩ። የመጀመሪያዎቹ ተማሪዎች የመሳፍንት ልጆች እንዳይመስሏችሁ፤ የቤተ መንግሥቱ አገልጋዮች ልጆች ነበሩ። ዛሬም ልጆች በ10 ዓመታቸው ገደማ ገብተው 8 ዓመት ያህል ይማራሉ፤ የቀለም ትምህርቱም አብሮ ይሄዳል።

ትምህርቱ እንዴት ነው ቢባል፣ ተማሪዎቹ ግድግዳው ላይ የተሠራውን አግዳሚ እንጨት በአንድ እጅ ይዘው ጉልበት በማጠፍ ይጀምራሉ። ይህን ፕሊዬ ይሉታል። ቀጥሎ እግርን ከወለል ሳያላቅቁ መዘርጋት ይመጣል። ከዝግታ ወደ ፍጥነት፣ ከትንሽ እንቅስቃሴ ወደ ትልቅ እየተባለ ይኬዳል። ከዚያ እንጨቱን ለቀው መሐል ወለል ላይ ይወጣሉ፤ ዝላዩ የሚመጣው በመጨረሻ ነው። ይህ ለእነሱ ሀ ሁ ነው። እኛን ያስደነቀን ግን ሌላ ነገር ነው። የ10 ዓመቱ ልጅም ሆነ ዓለም ያወቃት ዋና ዳንሰኛ ጠዋት የሚጀምሩት በዚያው በጉልበት ማጠፍ ነው! ማታ መድረክ ላይ ስታምር ያመሸች ዳንሰኛ በማግሥቱ እንጨቱን ትይዛለች፤ አስተማሪዋም ፊት ለፊቷ ቆመው «ትከሻ ዝቅ፣ ጉልበት ቀና» ይሏታል። ዝነኛ ሆኛለሁና አልታረምም ማለት የለም።

የዳንሰኛ ዘመን ደግሞ አጭር ነው። ጉልበትና ቁርጭምጭሚት አይምርም። በፓሪስ ኦፔራ ዳንሰኞች በ42 ዓመታቸው ጡረታ ይወጣሉ። እ.ኤ.አ. በ2019 መንግሥት የጡረታውን ሕግ ሊለውጥ ሲነሣ፣ በፈረንጆች ገና ዋዜማ ዳንሰኞቹ በዚያ ብርድ ከቲያትር ቤቱ ደጃፍ ወጥተው «ስዋን ሌክ» ከተባለው ባሌት ላይ ደንሰው ተቃውሟቸውን አሳይተዋል። በዚህ ዕድሜ ከመድረክ የወረደ ሰው ታዲያ ምን ይሆናል? ብዙዎቹ አስተማሪ ይሆናሉ። ነጥብ ስላልመጣላቸው ሳይሆን፣ ያን ነገር በአካላቸው የሚያውቁት እነሱ ስለሆኑ ነው።

አካዳሚው በስማቸው የሚጠራው አግሪፒና ቫጋኖቫ እ.ኤ.አ. በ1879 ተወለዱ። አባታቸው የማሪንስኪ ቲያትር አስተናጋጅ ነበሩ፤ እንግዳ ተቀብለው መቀመጫ የሚያሳዩ። ቫጋኖቫ እ.ኤ.አ. በ1897 ተመርቀው ለረጅም ጊዜ ከኋላ ረድፍ ሲደንሱ ኖሩ። «ባሌሪና» የሚለውን ማዕረግ ያገኙት በ1915 ነው፤ በዓመቱ መድረክ ለቀቁ። በቃ፣ ያለፈላቸው አይመስልም ነበር። ማስተማር ሲጀምሩ ግን የፈረንሳዮቹን ልስላሴና የጣሊያኖቹን ጉልበት ከሩሲያው አደናነስ ጋር አዋሕደው ሥርዓት አበጁለት፤ እ.ኤ.አ. በ1934 መጽሐፍ አድርገው አወጡት። ከእሳቸው እጅ ማሪና ሴሚዮኖቫ በ1925፣ ጋሊና ኡላኖቫ በ1928 ተመረቁ። ቫጋኖቫ ተማሪው እንቅስቃሴውን መሥራቱ ብቻ አይበቃም፣ ለምን እንዲያ እንደሚሠራው ይረዳ ይሉ ነበር። ይህን የማስተማር ዘዴ ኮርስ ላይ ስንት ጊዜ ሰማነው! ሴሚዮኖቫም በተራቸው በቦልሾይ ቲያትር አስተማሪ ሆኑ፤ ከ90 ዓመታቸው በኋላም ያስተምሩ ነበር።

የሩዶልፍ ኑሬዬቭ ታሪክ ግን ይበልጥ የሚነካው እኛን ነው። ከሌኒንግራድ እጅግ በምትርቀው በኡፋ ከተማ፣ ከድሃ የታታር ቤተሰብ ያደገ ልጅ ነው። አባቱ ዳንሱን አይወዱለትም ነበር። በዚያ ከተማ ይኖሩ የነበሩት አና ኡዴልትሶቫ የሚባሉ አዛውንት መምህርት ናቸው ልጁን አይተው፣ አስተምረው፣ «አንተ ሌኒንግራድ መሄድ አለብህ» ያሉት። እ.ኤ.አ. በ1955 ሲደርስ 17 ዓመቱ ነበር፤ ሌሎቹ በ10 ዓመት በሚገቡበት ቤት ይህ ሽማግሌ እንደ ማለት ነው። እዚያም አሌክሳንደር ፑሽኪን የሚባሉ መምህር ተቀበሉት። (ዘሩ ከሐበሻ ይመዘዛል የሚባልለት ገጣሚው አይደሉም፤ ሞክሼው ናቸው።) ፑሽኪን ድምፃቸውን ከፍ የማያደርጉ ሰው ነበሩ። ልጁ በ1958 ተመረቀ፤ በኋላም እግሩ ሲጎዳ መምህሩና ባለቤታቸው ጠባብ ቤታቸው ውስጥ አስጠግተው አስታመሙት። ሚካኤል ባሪሽኒኮቭም የእኚሁ ሰው ተማሪ ነበር። ኑሬዬቭን ዓለም ያውቀዋል። ኡዴልትሶቫንስ ማን ያውቃቸዋል? እኛም ነገ ከዋናው መንገድ ርቆ ወደሚገኝ ትምህርት ቤት ስንመደብ እንደ ቅጣት ከማየታችን በፊት፣ እኚህ ሴት በኡፋ ባይኖሩ ኖሮ ምን ይሆን ነበር ብለን እንጠይቅ።

ሁሉን ነገር ግን አንቀበልም። የባሌት ትምህርት ቤት ገና ሲያስገባ የልጁን እግር፣ ወገብና አንገት ለክቶ ይመርጣል፤ የገባውንም በየጊዜው እየፈተነ፣ ያልሆነለትን ያሰናብታል። ለመድረክ ይሆን ይሆናል። የእኛ ክፍል ግን በሩን ለመጣው ሁሉ የከፈተ ነው። ጎበዞቹን ከፊት ወንበር አስቀምጦ ለእነሱ ብቻ የሚያስተምር መምህር፣ ሳያውቀው የባሌት ፈተና እያካሄደ ነው። የኋላ ረድፍ ያለውን ልጅ ማን ያስተምርልን?

ከባሌት ቤት የምንፈልገው የዕለት እርማቱን ነው። የማስተማር ልምምድ ስንወጣ የሚሆነውን ሁላችንም እናውቃለን። መምህራችን አንድ ቀን ይመጣሉ፤ ከኋላ ተቀምጠው ቅጹን ይሞላሉ፤ ነጥቡ በኋላ ይለጠፋል። ድምፃችን ይነስ፣ ሰሌዳው ላይ ጽሑፋችን ይጥመም፣ ሴቶቹን ልጆች ረስተን ወንዶቹን ብቻ እንጠይቅ፣ በዚያው ቀን የሚነግረን የለም። መምህራኖቻችን ብዙ ተማሪ እንደተሸከሙ እናውቃለን፤ ይህን የምንለው ለወቀሳ አይደለም። ስለዚህ ከሚቀጥለው ልምምድ ጀምሮ ሁለት ሁለት ሆነን እንውጣ። አንዱ ሲያስተምር ሌላው ከኋላ ተቀምጦ ይጻፍ፤ ክፍለ ጊዜው እንዳለቀ፣ ከግቢው ሳንወጣ፣ ያየውን ይንገረው። መምህራኖቻችንም ነጥቡን ከመለጠፋቸው በፊት ለእያንዳንዳችን አሥር ደቂቃ እንዲሰጡን በትሕትና እንጠይቃለን። በዚህ ሐሳብ የሚስማሙ ጓደኞቻችን ከዚህ ጽሑፍ ግርጌ በተለጠፈው ወረቀት ላይ ስማቸውንና ከማን ጋር ሊወጡ እንደሚፈልጉ ይጻፉ።