ቃል የገባንበት ዕለትና ማግሥቱ

በዛሬው ዓምዳችን ከዓመታት በፊት በማንኩሳ ከተማ፣ በአንዲት ሻይ ቤት ውስጥ ሆነን በቴሌቪዥን የተመለከትነውን አንድ በዓለ ሲመት እናስታውሳለን። ዕለቱ ለአገሪቱ ታሪካዊ ነበር። ለእኛ ደግሞ እስከ ዛሬ ከፍለን ያልጨረስነውን የቃል ዕዳ የተሸከምንበት ቀን ሆነ። ወላጆችም ወጣቶችም ትምህርት ታገኙበት ይሆናል በማለት ሳንደብቅ ልናጫውታችሁ ወደድን።

ቀኑ ሐሙስ፣ ጥቅምት 15 ቀን 2011 ዓ.ም. ነበር። በዚያ ዓመት በመንግሥት ትምህርት ቤት የምናስተምረው ከሰዓት በኋላ ስለነበር፣ ጧት ከመድረሳ መልስ ሻይ የምንጠጣው አውራ ጎዳናው ዳር ባለችው በአንዲት እህታችን ቤት ነው። ከፍኖተ ሰላም ወደ ቡሬ የሚሄደው አውቶቡስ ሁሉ ብርጭቆዎቿን እያንቀጫቀጨ ያልፋል። በዚያ ጧት እንደ ዕድል ሆኖ መብራት አልጠፋም። እህል ነጋዴዎች፣ ሁለት ሹፌሮች፣ አንድ ጎረቤታችን የሆኑ አዛውንት ቄስ እና በርበሬ የሚነግዱ አንድ ሙስሊም አባት ተቀምጠዋል። የእኚህ አባት ልጅ በሁለቱም በኩል ተማሪያችን ነበረች። በትምህርት ቤት አሥረኛ ክፍል፣ በመድረሳ ደግሞ ቁርኣን ታኸትም ዘንድ ጥቂት የቀራት ልጅ ነበረች። እዚያ «ቲቸር» ትለናለች፤ እዚህ «ኡስታዝ»።

በቴሌቪዥኑ የሚታየው የሕዝብ ተወካዮችና የፌዴሬሽን ምክር ቤቶች የጋራ ስብሰባ ነው። ፕሬዚዳንት ሙላቱ ተሾመ ሥልጣናቸውን ለመልቀቅ ያቀረቡት ጥያቄ ተቀባይነት አገኘ። ቀጥሎ አምባሳደር ሣህለወርቅ ዘውዴ በዕጩነት ቀረቡና በሙሉ ድምፅ ተመረጡ። በ1987 ዓ.ም. በጸደቀው ሕገ መንግሥት መሠረት ከእሳቸው በፊት ሦስት ፕሬዚዳንቶች ተሹመዋል፤ ዶክተር ነጋሶ ጊዳዳ፣ አቶ ግርማ ወልደ ጊዮርጊስና ዶክተር ሙላቱ ተሾመ። በዚህ ወንበር ሴት ስትቀመጥ የመጀመሪያዋ ናቸው። ከዘጠኝ ቀናት በፊት፣ ጥቅምት 6 ቀን፣ ከ20 ሚኒስትሮች ግማሾቹ ሴቶች የሆኑበት ካቢኔ ተሹሞ ነበር። ሙስሊሟ ወይዘሮ ሙፈሪያት ካሚልም አዲስ በተቋቋመው የሰላም ሚኒስቴር የተሾሙት በዚያው ዕለት ነው። ስለዚህ የሻይ ቤቷ ወሬ ሁሉ ሴት ሴት ይል ነበር።

አንድ ጫማ የሚያሳምር ልጅ በሩ ላይ ተደግፎ «ንግሥት ሆኑ ማለት ነው?» ሲል ጠየቀ። መምህርነት አይለቅምና ማስረዳት ጀመርን። ንግሥት ዘውዲቱ በ1909 ዓ.ም. ዘውድ ሲጭኑ ሥልጣናቸው የመጣው ከአባታቸው ከአፄ ምኒልክ ዘር ነው። የዛሬዋ ተሿሚ ግን የተመረጡት የሁለቱ ምክር ቤቶች አባላት እጃቸውን አውጥተው ነው፤ ለመመረጥም ሁለት ሦስተኛ ድምፅ ያስፈልጋል። ዘመናቸው 6 ዓመት ነው፤ ከሁለት ጊዜ በላይም መመረጥ አይቻልም። ጦር የማዘዝና መንግሥትን የመምራት ሥልጣን የጠቅላይ ሚኒስትሩ ሲሆን፣ ፕሬዚዳንቷ የአገሪቱ ርዕሰ ብሔር ናቸው። ምክር ቤቶቹን በየዓመቱ ይከፍታሉ፤ የአምባሳደሮችን ሹመት ደብዳቤ ይቀበላሉ፤ በሕግ መሠረት ይቅርታ ያደርጋሉ። ልጁ ይህን ሁሉ ከሰማ በኋላ «ታዲያ ሥራቸው ቃል መጠበቅ ነው ማለት ነዋ!» አለ። ሁላችንም ሳቅን።

ከዚያም ቃለ መሐላው ሆነ። ሕገ መንግሥቱ ያስቀመጠው ቃል ከአንድ ዓረፍተ ነገር አይበልጥም፤ የተጣለብኝን ከፍተኛ ኃላፊነት በታማኝነት እፈጽማለሁ የሚል ነው። አንድ ብርጭቆ ሻይ ሳይቀዘቅዝ አለቀ። ንግግራቸውን ሲጀምሩ ግን እህታችን ከነረዳቷ ከጓዳ ወጥታ፣ እጇን በሽርጧ እየጠረገች ቆመች። ፕሬዚዳንቷ ሰላም ሲጠፋ ከሁሉ በፊት የምትጎዳው እናት መሆኗን ተናገሩ፤ በእናቶች ስምም ሰላምን እንድንጠብቅ ለመኑ። ስለ ሴቶች አብዝቼ የተናገርኩ ከመሰላችሁ ገና መጀመሬ ነው ማለታቸውም ትዝ ይለናል። አዛውንቱ ቄስ «አሜን» አሉ፤ እኛም «አሚን» አልን። ጭብጨባውም ደመቀ።

ዜና አንባቢው የሕይወት ታሪካቸውን ሲዘረዝር፣ በፈረንሳይ አገር ሞንፐልዬ ዩኒቨርሲቲ እንደተማሩ፣ በሴኔጋል፣ በጅቡቲና በፈረንሳይ አምባሳደር ሆነው እንደሠሩ፣ በተባበሩት መንግሥታትም በናይሮቢና በሌሎችም ቦታዎች ከፍተኛ ኃላፊነት እንደነበራቸው ገለጸ። በዚህን ጊዜ የተማሪያችን አባት ብርጭቋቸውን አስቀመጡና እንዲህ አሉ፤ «እሳቸውስ ፈረንሳይ ድረስ ሄደው ተማሩ። የእኔዋ ፍኖተ ሰላም ብትሄድ ማን አለላት?»

ነገሩን እናውቀው ነበር። ልጅቱ የአሥረኛ ክፍል ፈተናን ካለፈች ለመሰናዶ ትምህርት ፍኖተ ሰላም ቤት ተከራይታ መቀመጥ ይኖርባታል። አባትየው ትምህርት የሚጠሉ ሰው አልነበሩም። የሚፈሩት የልጃቸውን ብቻዋን መሆን ነው፤ ይህም የብዙ አባቶች ፍርሃት ነው። እኛ ግን የዕለቱ ስሜት ሞቅ አድርጎናል፤ ሰውም ሁሉ ይሰማናል። «እኛ አለንላት! በየሳምንቱ ቅዳሜ እየሄድን እናያታለን፤ ቤቷንም፣ ትምህርቷንም፣ ሶላቷንም እንከታተላለን። አማናው በእኛ ላይ ይሁን፤ ኢንሻአላህ!» አልን። አባትየው ትንሽ ዝም ብለው አዩንና «ኡስታዝ፣ ቃልዎን ሰምቻለሁ። አላህም ሰምቷል» አሉ። በዚያች ጧት ሁለት ሰው ቃል ገባ፤ አንዷ አራት ኪሎ፣ ሌላው ማንኩሳ።

ውድ አንባቢያን፣ ማንኩሳን ብዙ ሰው የሚያውቃት ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ባሳተሙት «ፍቅር እስከ መቃብር» ነው። ያ ልብ ወለድ የሚነሳበትም ነገር እናት ለልጇ ሕይወት ብላ የተሳለችው ስለት መሆኑን ያነበበ ሁሉ ያስታውሳል። ቃሉን የተናገረችው እናት ናት፤ ዕድሜውን ሙሉ የተሸከመው ግን ልጁ ነው። የእኛም ቃል እንዲሁ ሆነ። እኛ ተናገርን፤ ሸክሙ የወደቀው ግን በልጅቱ ላይ ነው።

ልጅቱ ፈተናውን በጥሩ ውጤት አለፈች። በ2012 መጀመሪያ አባቷ ፍራሿን፣ ድስቷንና ቁርኣኗን አሲዘው ፍኖተ ሰላም አደረሷት። በመጀመሪያው ወር አራቱንም ቅዳሜ ሄድን። አከራዮቿን አነጋገርን፤ መምህራኗን ጠየቅን። በሁለተኛው ወር አንድ ቅዳሜ ስብሰባ ሆነ፤ ሌላው ቅዳሜ ለቅሶ። በሦስተኛው ወር የፈተና ወረቀት ማረም መጣ። ከዚያ በኋላ «የሚቀጥለው ቅዳሜ ኢንሻአላህ» ማለት ልማድ ሆነብን። አላህ (ሱ.ወ) ነገ ይህን አደርጋለሁ ስንል የእርሱን ፈቃድ እንድናስቀድም ያስተማረን ለቃላችን ክብደት እንድንሰጥ ነበር። እኛ ግን ያችን የተከበረች ቃል የማምለጫ ቀዳዳ አደረግናት። አስተግፊሩላህ!

መጋቢት 7 ቀን 2012 በኮሮና ወረርሽኝ ምክንያት በአገሪቱ ሁሉ ትምህርት ቤቶች ተዘጉና ልጅቱ ወደ ቤቷ ተመለሰች። የሆነውን ሁሉ የሰማነው ያን ጊዜ ነው። አከራይዋ ኪራይ ጨምራባት ከከተማው ዳር ወዳለ ሌላ ቤት ተዛውራለች። ማታ ከጥናት ስትመለስ አንድ ጎረምሳ መንገድ እየጠበቀ ያስቸግራት ስለነበር ጥናቱን ትታለች፤ ውጤቷም ወርዷል። ለምን እንዳልነገረችን ስንጠይቃት አንገቷን ደፍታ «ኡስታዝ ሥራ በዝቶባቸው ነው ብዬ ነው» አለች። እኛን ልታስቀይም አልፈለገችም። እኛ ልንጠብቃት የገባነውን ልጅ፣ እሷ የእኛን ክብር ስትጠብቅ ከርማለች።

ትምህርት ሲከፈት አባትየው አልልክም አሉ። «አንድ ጊዜ አምኜ ነበር» ከማለት ሌላ አልተናገሩንም። ቤታቸው ሄደን አፍወታ ጠየቅን። መልሱ የመጣው ከእናትየው ነው፤ ቡና እየቀዱ፣ ሳይቆጡ «ኡስታዝ፣ ቃልዎስ ደርሶናል። የጠፋን ቅዳሜዎ ነው» አሉ። ምን እንመልስ? አቀርቅረን ቡናችንን ጠጣን።

ልጅቱ በመጨረሻ ተመልሳ ተማረች፤ አልሐምዱሊላህ። ያስተማራት ግን የእኛ ቃል አልነበረም። አንዲት መበለት አክስቷ ከቡሬ ጓዛቸውን ጠቅልለው ፍኖተ ሰላም ገቡና እንጀራ እየጋገሩ፣ እየሸጡ፣ አብረዋት ተቀመጡ። እኚህ እናት በማንም ፊት ቃል አልገቡም፤ አልተጨበጨበላቸውም። በየማታው ግን በሩ ላይ ቆመው ይጠብቋት ነበር። አሥራ ሁለተኛ ክፍልን ያስጨረሳት ይህ በር ነው።

ከዚያ ወዲህ የሹመት ሥነ ሥርዓት ባየን ቁጥር የሰይዲና አቡበክር አስ-ሲዲቅ (ረ.ዐ) ታሪክ ትዝ ይለናል። ነብያችን (ሰ.ዐ.ወ) በ11ኛው ዓመተ ሒጅራ ወደ አኺራ ከሄዱ በኋላ አቡበክር ኸሊፋ ሆነው ሲመረጡ ያደረጉት ንግግር አጭር ነበር። ከሁላችሁ የምበልጥ ሳልሆን ተሾምኩባችሁ፤ መልካም ብሠራ አግዙኝ፤ ብሳሳት አቅኑኝ የሚል መልእክት ያለው ነው። እንግዲህ ልብ በሉ፤ በዚህ ንግግር ሥራ የተሰጠው ለተሿሚው ብቻ አልነበረም። ማገዝና ማቅናት የአድማጩ ሥራ ነው። ማግሥቱንም ያ ታላቅ ሰው የሚሸጡትን ጨርቅ በትከሻቸው ተሸክመው እንደ ወትሮው ወደ ገበያ ሲወጡ ዑመር (ረ.ዐ) እንዳገኟቸውና ለሕዝብ ሥራ ጊዜ እንዲኖራቸው ከበይተል ማል ቀለብ እንደተቆረጠላቸው ተዘግቧል። ሶሓቦች ለኸሊፋቸው ቃል መሳካት መንገድ አበጁለት፤ ጊዜና ስንቅ ሰጡት። ቃል ያለ ጊዜና ያለ ስንቅ እንደማይጸና ያውቁ ነበርና።

በማንኩሳዋ ሻይ ቤት «አሚን» ያልንለት የሰላም ልመናስ ምን ሆነ? ሁለት ዓመት ከሞላው ከጥቂት ቀናት በኋላ፣ በጥቅምት 2013 መጨረሻ፣ በሰሜን የአገራችን ክፍል ጦርነት ተጀመረ። በጥቅምት 2015 በፕሪቶሪያ ስምምነት ሲፈረም እፎይ ያልን ቢሆንም፣ ከ2015 ክረምት ጀምሮ ደግሞ የራሳችን ክልል ወደ ግጭት ገባ። የብዙ ትምህርት ቤቶች በር ተዘጋ፤ ብዙ እናቶችም አለቀሱ። ቀደም ብለን እንዳልነው የጦር አዛዥነት በፕሬዚዳንቷ እጅ አልነበረም፤ በመሆኑም ዕዳውን ሁሉ በአንድ ሰው ትከሻ መጫን ፍትሕ አይሆንም። እኛ ራሳችንን የምንጠይቀው ሌላ ነው። ያን ዕለት ያጨበጨብን ሁሉ በማግሥቱ በቤታችን፣ በገበያችን፣ በአንደበታችን ለሰላም ምን አደረግን? ጎረቤትን ከጎረቤት የሚያጣላ ወሬ ሲመጣ ስንቶቻችን አቆምነው?

የፕሬዚዳንት ሣህለወርቅ 6 ዓመት ተፈጽሞ መስከረም 27 ቀን 2017 አቶ ታዬ አጽቀ ሥላሴ ቃለ መሐላ ሲፈጽሙ የሰማነው በሬዲዮ ነው። ያን ጊዜ አላጨበጨብንም። ስንት ቅዳሜ እንደቀረብን ስንቆጥር ነበር።

ወላጆች ሆይ፣ ልጃችሁን አደራ ስትሰጡ «ቃልዎን ሰምቻለሁ» ብላችሁ አትመለሱ። መቼ፣ በየስንት ቀኑ፣ ባይመቸው በማን በኩል ብላችሁ ጠይቁ። መጠየቃችሁ አለማመን አይደለም፤ አማናን ማክበር ነው። ወጣቶች ሆይ፣ የተጠበቃችሁ ሳይመጣ ሲቀር «ሥራ በዝቶበት ነው» ብላችሁ ችግራችሁን አትሸሽጉ፤ ለእናታችሁ ንገሩ። አደራ የተቀበልን ሁሉ ደግሞ፣ የማንችለው መሆኑን ባወቅንበት ቀን አማናውን ለባለቤቱ እንመልስ። ባለቤቱ ሌላ በር ይፈልጋልና። ነብያችን (ሰ.ዐ.ወ) ቃልን ማፍረስንና አማናን መክዳትን ከሙናፊቅ ምልክቶች እንደቆጠሯቸው የማያውቅ ያለ አይመስለንም፤ እኛም ስናስተምረው ኖረናል። ሆኖም ማወቅ ቅዳሜን ቅዳሜ ተነስቶ ከመሄድ አያድንም።

ዛሬ በመድረሳችን ከራቀ ቦታ መጥተው የሚቀመጡ ሦስት ልጃገረዶች አሉ። ለወላጆቻቸው በቃል የነገርነው ነገር የለም። በግድግዳው ላይ ባለው ሰሌዳ የሦስት ቤተሰብ ስም በየተራ ተጽፏል፤ ቤታቸውን የሚያይላቸው ሰው በየሳምንቱ ይፈርማል። የእኛም ስም በዚያ ውስጥ አለ፤ ተራችን በደረሰ ጊዜ ሳንፈርም የቀረንበት እስካሁን የለም። ወደፊትም አላህ ያግዘን።

ቃላችንን ከሥራችን የሚያገናኝ፣ አገራችንንም ሰላም የሚያደርግ አላህ ይርዳን። አሚን። በሚቀጥለው ወር እስክንገናኝ ወሰላሙ አለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።