ቁጥርሽን ቀይሪ

«ቁጥርሽን ቀይሪ» የምትባለዋን ምክር የማይለግስ የለም። እናትም፣ ጓደኛም፣ የጣቢያው ተረኛ ፖሊስም ይሏታል። ሌሊት በሰባት ሰዓት ስልኳ የሚጮኽባት፣ «ስንት ሰዓት እንደምትገቢ አውቃለሁ» የሚል መልእክት በቀን አሥር ጊዜ የሚላክባት ልጅ ቁጥሯን ትቀይርና ነገሩ ይብረድ! ቤቷን በድንጋይ የሚደበድብ ሰው ቢኖርስ «ቤት ቀይሪ» ልትሏት ነው?

ዛሬ ደግሞ የስልክ ቁጥር ከቤት አያንስም። ቴሌብር በ2013 ዓ.ም. ከመጣ ወዲህ ገንዘቧም እዚያው ነው፤ ባንኩም፣ የልጇ አስተማሪም የሚያውቋት በዚያው ቁጥር ነው። ካርድ የሞላላት የሱቅ ልጅ ቁጥሯን ስለያዘባት ይህን ሁሉ ታፍርስ?

ሕግ የለም እንዳይባል፣ አለ። የኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 በአንቀጽ 13፣ ስለ ተጎጂው ወይም ስለ ቤተሰቡ መረጃ ደጋግሞ እየላከ ፍርሃትና የሥነ ልቦና ጫና የፈጠረን ሰው እስከ 5 ዓመት በቀላል እስራት፣ ነገሩ ከከበደም እስከ 10 ዓመት በጽኑ እስራት ይቀጣል። በ1996ቱ የወንጀል ሕግ ለተራ ዛቻ የተቀመጠው እስራት ግን ከ6 ወር አይበልጥም። ሕጉ ነገሩን አክብዶ አይቶታል ማለት ነው። ያቀለልነው እኛ ነን።

ቀዳዳው ግን ሌላ ቦታ ነው። የማይዝት፣ ስለ እሷ ምንም የማያወራ፣ «ተይኝ» ከተባለ በኋላም ሁለት መቶ ጊዜ «እወድሻለሁ» የሚል ሰውስ? ደውሎ ዝም የሚለውስ? ጥሩ ጠበቃ ከያዘ ከአንቀጹ ሾልኮ ይወጣል። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ወሲባዊ ትንኮሳን ከልክሏል፤ እሱም ቢሆን ከመሥሪያ ቤት በር አያልፍም። ስለዚህ «አልፈልግም» የተባለበት ተደጋጋሚ ግንኙነት፣ ዛቻ ኖረበትም አልኖረበትም፣ በግልጽ ይጻፍ ነው የምለው።

ቋንቋችንም ለዚህ ሰው ያዳላለታል። «ለከፋ» የሚለው ቃል ራሱ ፈገግ ያሰኛል እኮ! ሥነ ጽሑፍ ሳስተምር፣ እምቢ ተብሎ የማይመለስ ገጸ ባሕርይ ሲገጥማቸው ተማሪዎቼ ፈተና ወረቀት ላይ «ጽኑ አፍቃሪ» ብለው ይጽፉልኝ ነበር። ሴቶቹ ተማሪዎች ሳይቀሩ።

«እንዲህ ያለው ሕግ ነገ ጸሐፊ ማሰሪያ ይሆናል» የሚሉኝ ወዳጆች አሉኝ። ስጋታቸው ይገባኛል፤ የዚያው አንቀጽ 13 ስለ ስም ማጥፋት የሚለው እኔንም ያሳስበኛል። ይሁንና ስለ ሹም ለአንባቢ መጻፍና አንዲትን ሴት በሌሊት ስልኳ ውስጥ ገብቶ ማሳደድ ምን አገናኛቸው? የእኛን ነፃነት በእሷ እንቅልፍ አንግዛ።

ደግሞም ሰውየው የማይታወቅ መንፈስ አይደለም፤ ሲም ካርድ የሚሸጠው በመታወቂያ ነው። ጣቢያው አቤቱታዋን ይመዝግብ፣ መልእክቶቹን ከነቀናቸው ይያዝ፣ የፍርድ ቤት ትእዛዝ ይጠይቅና የቁጥሩን ባለቤት ያስቀርብ። ቁጥር መቀየር ካስፈለገም እሱ ይቀይር።