የወጣቶች ፈንድና የወለድ ጉዳይ



መስከረም 30 ቀን 2009 ዓ.ል. በምክር ቤቶች መክፈቻ ላይ መንግሥት ለወጣቶች 10 ቢሊዮን ብር እንደሚመድብ ተነገረ። በዚያው ዓመት የወጣቶች ተዘዋዋሪ ፈንድ በአዋጅ ቁጥር 995/2009 ተቋቋመ። ከ18 እስከ 34 ዓመት ያሉ ወጣቶች ተደራጅተውና የሥራ ዕቅድ አቅርበው በየክልሉ ባሉ የብድርና ቁጠባ ተቋማት በኩል እንዲበደሩት የታሰበ ገንዘብ ነው። «ተዘዋዋሪ» መባሉም አንዱ ሲመልስ ለሌላው እንዲተላለፍ ነው።

ሐሳቡ መልካም ነው። ሥራ ማጣት ወጣቱን ለጫትና ለስደት እንደሚዳርገው በየቤታችን እናየዋለን። ነገር ግን ብድሩ በተለመደው የወለድ አሠራር ሲሰጥ፣ አላህን ፈርቶ ከወለድ የሚርቀው ወጣት ምን ያድርግ? አላህ (ሱ.ወ.) ንግድን ፈቅዶ ወለድን እንደከለከለ (አል-በቀራ 275) ከመድረሳ ጀምሮ ተምሯል። ቅጹን ቢሞላ ኅሊናው ይወቅሰዋል፤ ቢተወው ጓደኞቹ ሱቅ ሲከፍቱ እርሱ የአባቱን እጅ ያያል። ገንዘቡ ግን የሕዝብ ነውና የእርሱም ድርሻ አለበት።

መፍትሔው ሩቅ አይደለም። ከወለድ ነፃ የባንክ አገልግሎት በብሔራዊ ባንክ መመሪያ ከተፈቀደ ቆይቷል፤ ዘምዘም ባንክም በ2013 ሥራ ጀምሯል። በሙራበሓ አሠራር ተቋሙ የልብስ ስፌት መኪናውን ራሱ ገዝቶ፣ ትርፉን በግልጽ አስታውቆ ለወጣቶቹ በዱቤ ይሸጥላቸዋል። ዋጋው አንዴ ከተቆረጠ፣ ክፍያው ቢዘገይም አይጨምርም። ለወጣቶች በሚመደብ በማንኛውም የመንግሥት ገንዘብ ይህ በር በየወረዳው ሊከፈት ይገባል እንላለን።

ይህ እንዲሆን ከእኛም የሚጠበቅ አለ። ወላጆች፣ የመስጊድ ኮሚቴዎችና የወጣት ጀመዓዎች በወለዱ ምክንያት ከብድሩ የቀሩትን ልጆች ቆጥረን፣ ምን ሊሠሩ እንዳሰቡ ጽፈን ለወረዳው ጽሕፈት ቤት እናቅርብ። በየበረንዳው ማጉረምረም ማንንም ባለሱቅ አላደረገም።

ገንዘቡን ያገኘው ወጣትም አደራውን ያስብ። «የመንግሥት ነው» ብሎ ዕዳን ማስቀረት ተራ የሚጠብቀውን ወንድምና እህት መንጠቅ ነው። ከወለድ ሸሽቶ ዕዳ የሚክድ ሰው ከአንዱ ሐራም ወደ ሌላው ሐራም ተሻገረ እንጂ አልዳነም።

አላህ ልጆቻችንን በሐላል ሪዝቅ ያብቃቃልን። አሚን።