የደም ሥር ገበርና የሮቤ መንገድ

«የቋንቋና የታሪክ ተማሪ ስለ ደም ሥር ምን አገባው?» የሚል አይጠፋም። ከሮቤ ወደ ጎባ ስንመላለስ መኪና ቢገለበጥ የሚሰበረው ራስ ፋኩልቲ አይመርጥምና ያገባኛል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ራሱን ተመትቶ በጽኑ የታመመ ሰው የሚጎዳው አንጎሉ ብቻ አይደለም፤ የደም ሥሮቹም ገበር ይላጣል። ገበር ያልሁት ደም ሥርን ከውስጥ የሚያለብሰውን ስስ ሽፋን ነው። ከእርሱ የሚረግፉት ቅንጣቶች፣ ሲንዴካን አንድና ትሮምቦሞዱሊን የሚባሉት፣ ከክንድ በተቀዳ ደም ይለካሉ። መጠናቸው ከፍ ያለበት በሽተኛ ብዙውን ጊዜ የባሰበት ሆኖ ይገኛል። ገበሩ ሲላጥ ፈሳሹ ወደ አንጎል ይሰርጋል፣ አንጎል ያብጣል፤ ደሙም በአንድ በኩል አልረጋ ሲል በሌላ በኩል ያለ ቦታው ይረጋል።

መለኪያው ገና የምርምር ሥራ ስለ ሆነ «ለባሌ ቅንጦት ነው» የሚሉ ወዳጆች አሉ። አልስማማም። ነገሩ የሚያስተምረን ጥፋቱ በሰዓታት ውስጥ እንደሚገሠግሥ ነው፤ ይህን ከአዲስ አበባ ሰው ይልቅ ማወቅ ያለበት የባሌ ሰው ነው።

በፈረንጆች 2019 የታተመው ክራሽ ሦስት የተባለ ጥናት በ29 አገሮች ከ12,000 በላይ ሕሙማንን ይዞ ነበር። ትራኔክሳሚክ አሲድ የተባለው ደም እንዳይፈስ የሚያግዝ መድኃኒት በ3 ሰዓት ውስጥ ሲሰጥ ጉዳታቸው ቀላልና መካከለኛ በሆነው ዘንድ ሞት ቀነሰ፤ በጽኑ በተጎዱት ግን ያን ያህል ጥቅም አልታየም። ከሮቤ አዲስ አበባ 430 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በ3 ሰዓት የሚገባ ነጂ ካለ፣ ሐኪም የሚያስፈልገው ለራሱ ነው! እንግዲህ «ሪፈር ተጽፎለታል» ማለት ታከመ ማለት አይደለም።

የጎባ ሪፈራል ሆስፒታል የመደ ወላቡ፣ ማለትም የእኛው ዩኒቨርሲቲ ነው። ስለዚህ ማኅበራችን ሁለት ነገር ይጠይቅ። አንደኛ፣ ይህ መድኃኒት፣ ኦክስጅንና የደም ግፊት ክትትል ሌትም ቀንም እንዳይጓደሉ። ሁለተኛ፣ ምርምሩ ወደ ደጋችን ይምጣ። ጎባ ከ2,500 ሜትር በላይ ነው፤ አየሩ ስስ ነው፤ በቆላ ሰው ደም የተወሰነው ልክ ለእኛ ይሠራ እንደ ሆነ መመርመር የሕክምና ተማሪዎቻችን ድርሻ ነው። መሣሪያው እዚህ የግድ አያስፈልግም፤ ደም በብልቃጥ ቀዝቅዞ አዲስ አበባ ይደርሳል። በሽተኛውን ነው መንገዱ የማያደርሰው።