ለእነ ዮንና ለእነ ጉድሩን

የተከበራችሁ የአይስላንድ ባላገር አባቶችና እናቶች፣

እኔ ከዘራችሁ አይደለሁም፤ ኢትዮጵያዊ ነኝ። አገሬን ብታውቋት በመጽሐፍ ቅዱስ ነው። ይሁን እንጂ የምስጋና ዕዳ አለብኝና ልጻፍላችሁ። ዓመታቱንና ቀናቱን ሁሉ እንደ እናንተ አቆጣጠር አድርጌያቸዋለሁ።

ያደግሁት የዘር ቆጠራ ክብር ባለው አገር ነው። ጋብቻ ሲታሰብ ሽማግሌ ይቀመጥና ከወዲህም ከወዲያም እስከ ሰባት ቤት ይቆጠራል። ቆጠራው ግን በቃል ስለሆነ፣ አንድ አዋቂ ሲሞት አብሮት የሚቀበረው ስም ብዙ ነው። የነገሥታቱና የመኳንንቱ ትውልድ በዜና መዋዕል ተጽፎ ይገኛል፤ የጭሰኛው ግን ከልጅ ልጆቹ አፍ ካለፈ የለም። እናንተም አብዛኞቻችሁ ጭሰኞች ነበራችሁ፤ በሰው መሬት ላይ አርሳችሁ ሳይሆን ሣር አጭዳችሁና በግ አርብታችሁ፣ ኪራዩን በቅቤና በበግ ትከፍሉ ነበር። የእናንተ ስም ግን ተጽፎ ቆየ። የማመሰግናችሁ ከሁሉ በፊት ስለዚህ ነው።

ስማችሁን ሳነብ ባዕድነት አይሰማኝም። የዮን ልጅ ዮን፣ ዮን ዮንሶን ነው፤ እኅቱ ጉድሩን ደግሞ ጉድሩን ዮንስዶቲር ትባላለች። ጉድሩን ብታገባም የአባቷን ልጅነት አትተውም፣ የባሏን ስም አትወስድም። እኛም ዘንድ እንዲሁ ነው። ዘር ፈላጊውን የሚያስቸግረው የዮኖችና የጉድሩኖች ብዛት ነው፤ በአንድ ደብር ብቻ ስንት ዮን ዮንሶን ይኖራል! ስለዚህ ፈላጊው ከሰውየው ስም ቀጥሎ የሚይዘው የእርሻውን ስም ነው። እያንዳንዱ ቤት ከነግጦሹ የራሱ ስም አለው፤ ስሙም ከነዋሪው ዕድሜ እጅግ ይረዝማል። ጭሰኛው በፀደይ መጨረሻ ጓዙን ጠቅልሎ ወደ ሌላ እርሻ ሲዛወር ቄሱ መውጣቱንና መግባቱን ይመዘግባል። በ1746 ከወጣው ትእዛዝ በኋላማ ቄሶቻችሁ በየቤቱ እየዞሩ ነዋሪውን ከነዕድሜው እንዲጽፉ፣ የልጆቹንም የንባብ ችሎታ እንዲመረምሩ ተገደዱ። አንዲት የጭሰኛ ልጅ በስንት ዓመቷ ማንበብ እንደቻለች ዛሬ ከመዝገቡ ማወቅ ይቻላል።

ከሁሉ በላይ የምደነቀው ግን በ1703ቱ ቆጠራ ነው። የዴንማርኩ ንጉሥ ፍሬድሪክ 4ኛ በ1702 አርኒ ማግኑሶንንና ፓውል ቪዳሊንን አገሪቱ ስላለችበት ችግር እንዲያጠኑ ላካቸው። ቤት ለቤት የቆጠሩት በየወረዳው ያሉ፣ ራሳቸውም ገበሬ የሆኑ ሹማምንት ነበሩ። 50,358 ሰው በስም፣ በዕድሜና በኑሮ ደረጃ ተጻፈ። የአንድ አገር ሕዝብ ሁሉ በዚህ ዓይነት የተመዘገበበት ከዚህ የቀደመ ቆጠራ በዓለም ላይ ተጠብቆ አልተገኘም፤ ዩኔስኮም በ2013 «የዓለም ትውስታ» በተባለው መዝገቡ ውስጥ አስገብቶታል። ቤት አልባው ለማኝ እንኳ አልተረሳም፤ ለፋሲካ አጥቢያ ሌሊት ያደረበት ቤት እየተጠየቀ እዚያው ተመዘገበ። ከሕዝብ ቆጠራው ጎን የእርሻ መዝገቡ አለ። የመሬቱ ባለቤት ማን እንደሆነ፣ ኪራዩ ስንት ቅቤ እንደሆነ፣ ስንት ላምና ስንት በግ እንዳለ፣ የትኛውን ግጦሽ አሸዋ እንደሸፈነው፣ የትኛውንም ሜዳ ወንዝ እየበላው እንደሆነ ሳይቀር ተጽፏል። ዘሩን የሚፈልግ ሰው ከእነዚህ ሁለቱ የአያቱን ስም ከነኑሮው ያገኛል።

ስለ ኑሯችሁም ላመስግናችሁ። እንጨት በጠፋበት አገር ከድንጋይና ሣሩ ከነሥሩ ተቆርጦ ከወጣ አፈር ቤት ሠራችሁ፤ በጣሪያው ላይ ሣር ይበቅላል። በስካጋፍዮርዱር የሚገኘው ግላውምባይር ዛሬም ቆሞ ሙዚየም ሆኗል። ክረምቱ የሚያልፈው ባድስቶፋ በምትሉት ክፍል ነበር። በግድግዳው ግራና ቀኝ አልጋ ተደርድሯል፤ ባንዱ አልጋ ሁለት ሰው ይተኛል፤ ቀን ያው አልጋ መቀመጫም መሥሪያም ነው። ሲመሽ በዓሣ ጉበት ዘይት የሚነድ ኩራዝ ይበራል። አንዱ ሱፍ ያበጥራል፣ ሌላዋ ትፈትላለች፣ ሕፃን ሽማግሌ ሳይል ሹራብ ይሠራል። ንባብ የሚሆንለት ሰው ወደ መብራቱ ጠጋ ብሎ የጥንት አባቶችን ታሪክ ያነብላቸዋል። ጾሙ ሲገባ ደግሞ የባለቅኔው ሃልግሪሙር ፔቱርሶን 50 የሕማማት መዝሙራት በየምሽቱ አንድ አንድ እየተባለ ይዘመራል። የተነበበው መጽሐፍ ብዙ ጊዜ በገበሬ እጅ የተገለበጠ ነበር። በየወረዳው ትምህርት ቤት ሳይኖር ሕዝብ ማንበብ የቻለው እንደዚህ ባለ ምሽት ነው።

የበጎቻችሁ ነገርም አለ። በጋውን ተራራ ላይ ተለቀው የከረሙትን በጎች በመስከረም ወረዳው ሁሉ ወጥቶ ይሰበስባል፤ መሐሉ ክብ፣ ዙሪያውን ለየእርሻው ክፍል ክፍል የተበጀለት በረት ውስጥ ይገባሉ። የማን እንደሆኑ የሚለየው በጆሯቸው ነው። የቀኙ ጫፉ ተቆርጦ፣ የግራው ከጎኑ ተነክሶ፣ ሌላው መሐሉ ተሰንጥቆ እያንዳንዱ ባለቤት የራሱ ምልክት አለው፤ ምልክቱ ከአባት ወደ ልጅ ይወረሳል፣ በመጽሐፍም ታትሞ ይወጣል። የጠቦት ጆሮ ሳይቀር የአያት መታወቂያ ሆኖ ኖረ ማለት ነው።

አንድ ክፉ ዓመት ደግሞ እናንተንና እኛን ሳንተዋወቅ አገናኝቶናል። ሰኔ 8 ቀን 1783 በላኪ ምድር ተሰንጥቃ እሳት ተፋች፤ እስከ የካቲት 1784ም አላቆመችም። መርዙ በሣሩ ላይ ወረደ፤ በጎቻችሁ ከአምስት አራት እጁ ያህል አለቁ፣ ከእናንተም ከአምስት አንድ ያህላችሁ በረሃብና በበሽታ ሞታችሁ። ቄስ ዮን ስቴይንግሪምሶን እሳቱ ወደ ደብሩ ሲመጣ ሕዝቡን ሰብስቦ ቅዳሴውን አላቋረጠም፤ በኋላም ያየውን ሁሉ ጻፈ። የአየር ንብረት ሊቃውንት በ2006 ባወጡት ጥናት ያ ፍንዳታ የአፍሪካን የክረምት ዝናብ አዳክሞ የዓባይን ሙላት ማሳነሱን አመልክተዋል። ግብጽ በዚያን ጊዜ ተርባለች። ዓባይ የሚሞላው ደግሞ በእኛው ደጋ ዝናብ ነው። የእናንተን የጽሕፈት ልማድ የማከብረው ለዚህም ጭምር ነው፤ የአንድ ደብር ቄስ የጻፈው ለሩቅ አገር ታሪክ ምስክር ሊሆን በቅቷል።

ከ1870 እስከ 1914 ከ14,000 በላይ ልጆቻችሁ ወደ አሜሪካና ካናዳ ተሰደዱ። አስክያ የተባለው እሳተ ገሞራ በፈነዳበት በ1875 በዊኒፔግ ሐይቅ ዳር ጊምሊን ቆረቆሩ። እዚያ ሲደርሱ ያባት ስም የቤተሰብ ስም ሆኖ ደረቀ፣ ሚስትም በባሏ ስም ተጠራች። አሜሪካ ያሉ ወገኖቼ ይህን ጣጣ ያውቁታል፤ ያያቱን ስም እንደ ቤተሰብ ስም ተሸክሞ የሚያድገው ልጃችን ብዙ ነው። የእናንተ የልጅ ልጅ ልጆች ግን የደብሩንና የእርሻውን ስም ብቻ ካወቁ መንገዱ አይጠፋቸውም። ቄሱ መውጣታቸውን ጽፎላቸዋል።

ኑሯችሁ ሁሉ ደግ ነበር አልልም። መሬት የሌለው ሰው በሕግ ተገዶ ለዓመት ለአንድ ገበሬ ያድር ነበር፤ ትዳር የመያዝ ተስፋውም ጠባብ ነበር። ወላጁ የሞተበት ወይም ቤቱ የተበተነበት ልጅ ደግሞ በወረዳው ወጪ ወደ ሰው ቤት ይሰጣል፤ አንዳንዱ በእንክብካቤ ያድጋል፣ አንዳንዱ በረሃብና በዱላ። በመዝገቡ ላይ ከስማቸው ጎን የሚገኘው በወረዳ የሚጦሩ መሆናቸው ብቻ ነው። እናንተ ልጆች፣ ከእናንተ ብዙዎቹ ዘር ስላልተኩ የሚፈልጋቸው የልጅ ልጅ የለም። በጭጋግ ውስጥ በግ የጠበቃችሁ፣ ድርቆሹን በመንሽ የሰበሰባችሁ፣ ያን ሁሉ ሱፍ ያበጠራችሁ ግን እናንተም ናችሁ። ከዚህ ምስጋና የእናንተን ድርሻ ለይቼ አስቀምጫለሁ።

አክባሪያችሁ