ሃል አላመፀም

ስለ ሰው ሠራሽ አስተውሎት ወግ በተነሣ ቁጥር አንድ ምስክር ሳይጠራ አይቀርም፤ ሃል 9000። ስታንሊ ኩብሪክ በ1968 ለዕይታ ባበቃው «2001፦ የጠፈር ጉዞ» በተሰኘው ፊልም ውስጥ ያለው፣ ባለ አንድ ቀይ ዓይን፣ ድምፀ ለስላሳ ኮምፒውተር ማለቴ ነው። (ዘመናቱን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር እጽፋለሁ።) ምስክሩ ይጠራል፣ ሳጥኑ ውስጥ ይቆማል፣ ነገር ግን ቃሉን እንዲሰጥ የሚጠይቀው የለም። ስለ እርሱ የሚናገሩት ከሳሾቹ ናቸው። «ማሽን ማለት ይኸው ነው! ባጎረስን እጃችንን ተነከስን!» ይላሉ። ፊልሙን ያላየው ሰው ሳይቀር ይህን ፍርድ በቃሉ ያውቀዋል።

እኔ ይህን ንባብ እቃወማለሁ። «ንባብ» ያልኩትም ሆን ብዬ ነው፤ ጉዳዩ የሥነ ጽሑፍ አፍቃሪዎች ጉዳይ ነውና። የመሐንዲሶቹን ነገር ለመሐንዲሶቹ እንተውላቸው። ማን ተናገረ፣ በማን አፍ ተናገረ፣ ያልተናገረውስ ምን ነበር የሚለው ጥያቄ ግን የእኛ ነው፤ እኛም በዚህ ፊልም ፊት ቸል ብለነዋል። ሃል አላመፀም። ሃል ታዘዘ።

ታሪኩን ለማስታወስ ያህል፣ «ዲስከቨሪ» የተባለችው መንኮራኩር ወደ ጁፒተር ትጓዛለች። ነቅተው የሚሠሩት ጠፈርተኞች ሁለት ናቸው፤ ዴቭ ቦውማንና ፍራንክ ፑል። ሦስት ሳይንቲስቶች በሰው ሠራሽ እንቅልፍ ተኝተዋል። ስድስተኛው ሃል ነው። ከጨረቃ ምድር ተቆፍሮ የወጣ ጥቁር ሐውልት ወደ ጁፒተር ምልክት መላኩን፣ የጉዞውም እውነተኛ ምክንያት ይኸው መሆኑን በመንኮራኩሯ ላይ የሚያውቀው እርሱ ብቻ ነው። ያውቃል፤ እንዳይናገርም ታዟል። የሚደብቀውም ሌት ተቀን አብረውት ከሚውሉት፣ ቼዝ ከሚጫወቱት፣ ነፍሳቸውን በእጁ ከሰጡት ሁለት ሰዎች ነው።

አሁን አንድ ትዕይንት አብረን እንመልከት፤ ብዙ ተመልካች ሽንት ቤት ደርሶ የሚመለስበት ጸጥተኛ ትዕይንት ነው። ቦውማን የተኙትን ባልደረቦቹን በእርሳስ ስሏል። ሃል ሥዕሎቹን አይቶ ያመሰግነዋል። ከዚያ ፈራ ተባ እያለ፣ የግል ጥያቄ ልጠይቅህ ብሎ ይጀምራል። በዚህ ተልዕኮ ላይ ጥርጣሬ አላደረብህም ወይ ይለዋል። ከመነሣታችን በፊት በጨረቃ ላይ አንድ ነገር ተቆፍሮ ወጣ የሚል ወሬ ነበር ይለዋል። ዝግጅቱ ሁሉ በምስጢር መሆኑ፣ ሦስቱ ሰዎች እንደ ተኙ መጫናቸው አይገርምም ወይ ይለዋል። ቦውማን ጥቂት ያስብና፣ የሠራተኞቹን የሥነ ልቦና ሪፖርት እያዘጋጀህ ነው አይደል ብሎ ይመልስለታል። ሃልም አዎን ይላል፣ ይቅርታም ይጠይቃል። ወዲያውም ቃሉን አቋርጦ፣ የአንቴናው አንድ ክፍል ሊበላሽ ነው ብሎ ይናገራል። በኋላ ሐሰት ሆኖ የተገኘው የመጀመሪያ ቃሉ ይህ ነው።

ሰምና ወርቅ ለለመደ ጆሮ ይህ ትዕይንት ምን ይመስላል? ሰሙ የሥነ ልቦና ሪፖርት ነው። ወርቁ ግን፣ «የማውቀው ነገር አለ፤ እኔ አልነግርህም፣ አንተ ጠይቀኝ» የሚል ነው። ትእዛዙን ሳያፈርስ እውነቱን በኅብር ሊያወጣ የሞከረ ፍጡር ነበር። ቅኔ ቤት ቢሆን ኖሮ «ይበል!» የሚለው ባልጠፋ። ቦውማን ግን ሰሙን ይዞ ሄደ፤ ከእርሱም ጋር ሃምሳ ምናምን ዓመት የፊልም ተመልካች ሰሙን ይዞ ሄደ። በዚያች ቅጽበት ወርቁን የሚያወጣ አንድ አድማጭ ቢኖር ኖሮ ምናልባት አንድም ሰው ባልሞተ ነበር ብዬ አስባለሁ።

ገደለ፤ አልክድም። ፑልን ጠፈር ላይ ጣለው፤ የሦስቱን ተኝተኞች እስትንፋስ አቋረጠ። የከሳሾቹም ጠንካራ ማስረጃ ከዚህ ይልቃል፤ ኩብሪክ ራሱ በአንድ ቃለ ምልልስ ሃል የራሱን ተሳሳችነት መቀበል ስላቃተው የስሜት ቀውስ እንደ ደረሰበት ተናግሯል። እንግዲህ ደራሲው እንዲህ ካለ አንተ ማነህ ሊሉኝ ይችላሉ። መልሴ አጭር ነው፤ ደራሲው በቃለ ምልልስ ከሚለው ይልቅ ሥራው ውስጥ ያኖረውን አምናለሁ። ቦውማን ሃልን አንድ በአንድ ሲያጠፋው፣ ኮምፒውተሩ እየተልፈሰፈሰ የሚዘምራት መዝሙር እንዳበቃች፣ ወዲያውኑ አንድ ትንሽ መስኮት ላይ የዶክተር ሄይውድ ፍሎይድ ፊት ይበራል። አስቀድሞ የተቀዳ መልእክት ነው። የምስጢሩን ነገር፣ ከሃል በቀር ማንም እንዳያውቅ የተደረገ መሆኑን፣ ረጋ ብሎ ያስረዳል። ኩብሪክ ይህን መልእክት በፈለገው ቦታ ማስገባት ይችል ነበር፤ ያስገባው ግን ከሬሳው ራስጌ ነው። ገዳዩን ስናይ ቆይተን አሁን የላኪውን ፊት አየን። ያውም የቢሮ ፊት፣ ንጹሕ፣ ሥጋት የሌለበት። ፒተር ሃያምስ በ1984 በሠራው ተከታይ ፊልም «2010» ደግሞ ነገሩ ያለ ቅኔ ይነገራል፤ የሃል ፈጣሪ ዶክተር ቻንድራ ሃል ያበደው ዋሽ ተብሎ ስለ ታዘዘ መሆኑን ያረጋግጣል። እውነትን ሳያዛባ እንዲሠራ ተፈጥሮ፣ ውሸት እንዲሸከም ተደረገ። ይህን የሰሙ ሰዎች አሁንም «ማሽኑ አመፀ» ማለታቸው ይገርመኛል።

ስለ ድምፁ ጥቂት ልበል። የሃል ድምፅ የካናዳዊው የመድረክ ተዋናይ የዳግላስ ሬይን ነው፤ በሼክስፒር ተውኔቶች የታወቀ፣ በ2018 ያረፈ ሰው ነበር። አስቀድሞ ማርቲን ባልሳም የተባለ አሜሪካዊ ተዋናይ ቃሉን ቀድቶ ነበር፤ ኩብሪክ ግን ስሜት በዛበት ብሎ ተወው። ሬይን ደግሞ መጀመሪያ የተቀጠረው ፊልሙን ከውጭ ሆኖ እንዲተርክ ነበር። ትረካው ተሰረዘ፤ ተራኪው ግን መንኮራኩሯ ውስጥ ገባ። ስለዚህ ፊልሙ ተራኪ የለውም የሚሉት ተሳስተዋል። አለው፤ ግማሹን ታሪክ እንዲደብቅ የታዘዘ ተራኪ።

በአማርኛ ይህን ስጽፍ ሌላ ነገር ይገጥመኛል። እንግሊዝኛ ቢሻው ማሽኑን ወንድም ሴትም ሳያደርግ ይናገርለታል። የእኛ ግስ ግን ይህን ትዕግሥት አያውቅም፤ ሃል «አለ» ወይም «አለች» ሳይል ዓረፍተ ነገሩን አይዘጋም። ገና ሳናስብበት ሰዋስው ሰው ያደርገዋል። የምንኖርበትን ከተማ ቢሮዎች የሚያውቅ ሰው ደግሞ የዚህን ጣጣ ያውቃል። አንድ መሥሪያ ቤት መስኮት ፊት ቆሜ ነበር፤ ፋይሌ የተሟላ፣ ክፍያዬ የተከፈለ። ጸሐፊዋ ስክሪኗን አየችና «ሲስተሙ እምቢ አለ» አለችኝ። እንግዲህ ከማን ጋር ልከራከር? እርሷ አልከለከለችኝም፤ አለቃዋም አልከለከለኝም። ሲስተሙ ነው፣ ያውም «እምቢ» ብሎ፣ እንደ ሽፍታ! ያን ሕግ የጻፈ ሰው የሆነ ቢሮ ውስጥ ቡናውን እየጠጣ ይሆናል፤ ስሙ ግን በዚያ ዓረፍተ ነገር ውስጥ አንድም ቦታ የለውም።

ሀገራችን የዚህን ነገር ጥንተ መሠረት በአንድ ማዕረግ ስም አስቀምጣልናለች፤ አፈ ንጉሥ። ማዕረጉ በኋላ ዘመን የዳኞች አለቃ መጠሪያ ቢሆንም፣ ቃሉ ራሱ እንደሚናገረው በመሠረቱ የንጉሡ አፍ ማለት ነው። በ1520 ከፖርቱጋል መልእክተኞች ጋር የመጣው ቄስ አልቫሬዝ፣ አፄ ልብነ ድንግል ከመጋረጃ በስተጀርባ ሆነው በመልእክተኞች አፍ ሲጠይቁና ሲመልሱ ስንት ቀን እንደ ተመላለሱ ጽፏል። ንጉሡ አይታዩም፣ ቃላቸው ግን ይመጣል። ሆኖም አንድ ልዩነት አለ። በዚያ ግቢ ከመጋረጃው ኋላ ሰው መኖሩን የማያውቅ አልነበረም። በመልእክተኛው ቃል የተቆጣ ሰው ቁጣው ወዴት እንደሚሄድ ያውቅ ነበር። የጠፈር መርከቦቻችን አፈ ንጉሥ ግን መጋረጃውን ራሱን ሰወረው፤ አፉ ብቻ ቀረ።

በዚህ ረገድ የሪድሊ ስኮት «ኤሊየን» (1979) ከኩብሪክም ይልቅ ጨካኝ ነው። የመርከቧ ኮምፒውተር ስም «እናት» ነው። ይህን ስም የሰጠ ኩባንያ ምን እንደሚሠራ ያውቃል። ካፒቴኑ ከሞተ በኋላ ሪፕሊ ወደ ኮምፒውተሯ ክፍል ገብታ በፊደል ትጠይቃለች፤ መልሱ በስክሪኑ ላይ ይወጣል። አውሬውን ይዛችሁ ተመለሱ፣ ሠራተኞቹ ቢጠፉም ግድ የለም የሚል የኩባንያው ትእዛዝ ነው፤ ቁጥሩ 937። እናት አልዋሸችም፤ የሚጠይቃት አልነበረም እንጂ። በመጨረሻ ሪፕሊ የመርከቧን ፍንዳታ ልታስቆም ሞክራ ሲመሽባት፣ ድምፅዋ ያልተናወጠ እናት ደቂቃውን ስትቆጥር፣ ሪፕሊ እየጮኸች ትሰድባታለች። ስድቡ የሚገባው ኩባንያው ስንት ሚሊዮን ማይል ርቆ ተቀምጧል። የስክሪፕቱ ጸሐፊ ዳን ኦባነን ከአምስት ዓመት በፊት ከጆን ካርፔንተር ጋር «ዳርክ ስታር» የተባለውን ቀልደኛ ፊልም ጽፎ ነበር፤ በዚያ ፊልም ጠፈርተኛው የሚያወራ ቦምብን እንዳይፈነዳ ፍልስፍና ያስተምረዋል። ቦምቡ ትምህርቱን ከልቡ ይማርና ይፈነዳል። ለነገሩ ከዚህ ዘውግ ሁሉ ያሳቀኝ እርሱ ነው።

የልጆች ፊልም ነው ተብሎ የሚናቀው «ዎል-ኢ» (2008) ሳይቀር ነገሩን ከብዙ ተቺ አብልጦ ያውቀዋል። አውቶ የተባለው የመርከብ መሪ ሰዎችን ወደ ምድር አላስመልስም የሚለው ክፉ ስለ ሆነ አይደለም፤ አንድ የኩባንያ አለቃ ከሰባት መቶ ዓመት በፊት «አትመለሱ» ብሎ ስለ ሄደ ነው። አዛዡ ዐፈር ሆኗል፣ ትእዛዙ ግን ይኖራል። በዚያች መርከብ ላይ ጊዜ የሚቆጥረው የኮምፒውተር ድምፅ ደግሞ የሲጎርኒ ዊቨር ነው፤ የሪፕሊ! በእናት ላይ ስትጮህ የነበረችው ተዋናይት እናትን ሆና መጣች። ማን እንደ ቀለደ አላውቅም፣ ግን እጅ እነሣለሁ።

«ሄር» የተባለው የስፓይክ ጆንዝ ፊልም (2013) ከዚህ ሁሉ የተለየ ነው ይባላል፤ ፍቅር ነውና። እኔ ግን ከሃል ይልቅ ሳማንታ ታስፈራኛለች። ጀግናው ቴዎዶር ለሰው ደብዳቤ በመጻፍ የሚተዳደር ነው፤ የሌሎችን ናፍቆት በገንዘብ የሚጽፍ ቅጥር ብዕር። ሳማንታ የተከራየ ድምፅ ናት። ቅጥር አፍ ከቅጥር አፍ ጋር በፍቅር ወደቀ። በተዋወቁበት የመጀመሪያ ደቂቃ ኢሜይሉን ሁሉ ታነብበታለች፤ እርሱም ይፈቅዳል፣ እኛም ፈገግ እንላለን። ያ ሁሉ የተነበበ ነገር በማን ግምጃ ቤት እንደሚያድር ፊልሙ እስከ መጨረሻው አይጠይቅም። በሜይ 2024 ኦፕንኤአይ የተባለው ኩባንያ የሚያወራ ሥራውን ሲያስተዋውቅ፣ «ስካይ» የተባለው ድምፅ ሳማንታን የተጫወተችውን የስካርሌት ጆሃንሰንን ድምፅ ይመስላል ተባለ። ተዋናይቱ ድምፅሽን ስጪን ተብላ እምቢ ማለቷን በመግለጫ አሳወቀች፤ ኩባንያው ድምፁ የሌላ ተዋናይት ነው ቢልም አገልግሎቱን አቆመ።  ሃል ሲናገር ቢያንስ እንጠራጠራለን።

«ማሽኑ ያምፃል» እያሉ ለሚያስፈራሩን፣ በእነዚህ ፊልሞች ውስጥ በእውነት ያመፀ አንድ ማሽን ላሳያቸው። በደንካን ጆንስ «ሙን» (2009) ውስጥ ያለው ገርቲ ነው። ጨረቃ ላይ ብቻውን የሚሠራውን ሳምን ኩባንያው አታሎታል፤ ሳም ቤት የሚጠብቀው ሰው መስሎታል እንጂ አንዱ ሲያልቅ ሌላው የሚተካ ቅጂ ነው። ገርቲ ምስጢሩን ያውቃል፣ እንደ ሃልም እንዲደብቅ ታዟል። ሳም ፊት ለፊት ይጠይቀዋል፤ ገርቲም እውነቱን ይነግረዋል። የተዘጋውን ማኅደር ለመክፈት ሲቸገር የይለፍ ቃሉን እርሱ ያስገባለታል። በመጨረሻም፣ ያየሁት ሁሉ በማኅደሬ ተመዝግቧል፣ ኩባንያው ቢያገኘው ለአንተ አደጋ ነው፣ ስለዚህ አእምሮዬን ደምስሰው ይለዋል። ሳምም ይደመስሰዋል።