የኮሌስትሮል ኪኒንና የታመመ ጉበት

ባለፈው ወር አንድ የብሎካችን አባት በላስቲክ የተጠቀለለ ኪኒን ከኪሳቸው አውጥተው አሳዩኝ። በሄፓታይተስ ቢ ሳቢያ ጉበታቸው ጠባሳ ይዟል፤ ሲሮሲስ የምንለው ነው። ሆዳቸውም ውኃ ይቋጥራል። ኪኒኑ ባለ 40 ሚሊ ግራም ሲምቫስታቲን፣ የኮሌስትሮል መድኃኒት ነው። ውጭ አገር ያለች ልጃቸው «ጉበት ያድናል አሉ» ብላ የላከችላቸው ነው። በቀን ሁለት ሊውጡ አስበዋል። «ለስደተኛ አይገባም ብላችሁ ደብቃችሁን ነው እንጂ!» አሉኝ። ያን ቀን የመለስኩላቸው አጭር ስለነበር እዚህ ላሟላው።

ወሬው ከባዶ አልተነሳም። ጠባሳው ወደ ጉበት በሚገባው ደም ሥር ውስጥ ግፊት ይጨምራል፤ ሆድ ውኃ የሚቋጥረው፣ ደምም የሚያስታውከው በዋናነት ከዚህ የተነሳ ነው። ስታቲን የሚባሉት መድኃኒቶች ይህን ግፊት በተወሰነ ደረጃ ይቀንሳሉ። እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመ የስፔን ሐኪሞች ጥናት፣ ከእንዲህ ያለ መድማት የተረፉ 158 ሕሙማንን ለሁለት ከፍሎ ነበር። ከተለመደው ሕክምና ጋር ሲምቫስታቲን ከተጨመረላቸው 9 በመቶው፣ መድኃኒት የሌለበት መሰል ኪኒን ከወሰዱት ደግሞ 22 በመቶው ሞቱ። ድጋሚ መድማትን ግን አልቀነሰም። እኔም ያኔ ተስፋ አድርጌ ነበር።

ኋላ የመጣው ግን ሌላ ነው። በ2020 በታተመ የአውሮፓ ሙከራ፣ ጉበታቸው ክፉኛ ከደከመና በቀን 80 ሚሊ ግራም ከወሰዱ 16 ሰዎች የ3ቱ ጡንቻ መፈራረስ ጀመረ። የደከመ ጉበት መድኃኒቱን ቶሎ ስለማያስወግድ በደም ውስጥ ይከማቻል። የአባታችንን «በቀን ሁለት» አስቡት! በ2025 የታተመው ደግሞ 237 እንዲህ ያሉ ሕሙማንን ለአንድ ዓመት ተከታትሎ፣ ሲምቫስታቲን ሪፋክሲሚን ከተባለ አንቲባዮቲክ ጋር ተሰጥቶም ከመሰል ኪኒኑ የተሻለ ጥቅም አላገኘም። ስለዚህ ሆዳችሁ ውኃ የቋጠረ ወይም ዓይናችሁ ቢጫ የሆነ ሰዎች፣ ይህን ኪኒን በራሳችሁ አትጀምሩ። ለልብ ወይም ለኮሌስትሮል ታዞላችሁ የምትወስዱም በራሳችሁ አታቋርጡ፤ ሐኪም ጠይቁ። ጡንቻ ካመመ፣ ሽንት እንደ ኮካ ኮላ ከጠቆረ በዚያው ቀን ኑ።

በበኩሌ ቅሬታችን ቦታውን የሳተ ይመስለኛል። ያልተሰጠን ነገር የለም አልልም፤ አለ። ጉበትን ከሚያጠብሱት ዋነኞቹ አንዱ ሄፓታይተስ ቢ ነው። ቫይረሱን አፍኖ የሚይዘው ቴኖፎቪር ለኤች አይ ቪም የሚሰጥ፣ የታወቀ ኪኒን ነው። ሕፃን በተወለደ በ24 ሰዓት ውስጥ መከተብ እንዳለበት የዓለም ጤና ድርጅት ከመከረ ቆይቷል። በብሎክ ስብሰባ እጅ አውጥተን መጠየቅ ያለብን ምርመራውን፣ ክትባቱንና ቴኖፎቪሩን ነው። አረቄውን መተው ግን የማንንም ፈቃድ አይጠይቅም፤ ይህን ስል የሚቀየሙኝ እንዳሉ አውቃለሁ።

አባታችን ኪኒኑን ሳይጀምሩ ለሐኪም ሊያሳዩ ተስማሙ። ልጃቸው ስትደውል ስልኩን ሰጡኝ። «አንቺስ ሄፓታይተስ ቢ ተመርምረሽ ታውቂያለሽ ወይ?» አልኳት። ትንሽ ዝም ብላ፣ «እኔንም ይመለከተኛል እንዴ?» አለችኝ።